ኖር ባይዋ ጉበት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ ልበል እንጂ፣ መጀመሪያ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ነው። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ድፍን ጨለማ ነበር። ድምፁን ግን ዐወቅሁት። ባለጣቱ ጣቶቹን ሲዘረጋ እንዲህ ይላል።

ባለጣቱ የምንለው በሆስፒታሉ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል እኔ የማጥበውን ቀጭን፣ ረዥም ብረት ነው። ሲዘጋ እርሳስ ያህላል። በትንሽ ቀዳዳ ወደ ሆድ ይገባና መያዣው ሲጠመዘዝ ውስጥ ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። በእነዚያ ጣቶች ጉበትን ቀና አድርጎ ሲይዝ፣ ሐኪሙ ከሥር ያለውን የሐሞት ከረጢት በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ሲያበቃ ወደ እኔ ይመጣል። ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ይገባል።

እትዬ ዘነበወርቅን ያስመረራቸውም ይኸው «ለሌላ ሰው ይገባል» የሚለው ነው። እትዬ ዘነበወርቅ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ ሴት ናቸው። ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ፤ ሲነሣባቸው ግድግዳ ይቧጥጣሉ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ከቆየ ሊፈነዳ ይችላል» ብሏቸው ለዛሬ ጠዋት ቀጥሯቸው ነበር። ትናንት ግን ቁርጥ አደረጉት።

«ከሆድ ሆድ ሲዞር የኖረ ብረት እኔ ሆድ አይገባም። ሞቼ እገኛለሁ።»

እንዴት አድርጌ እንደማጥበው ብነግራቸው፣ «አንተ? የበላህበትን ሰሐን በቅጡ የማታጥበው?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም የግቢውን በር ቆለፍኩና እንደ ልማዴ ቁልፉን ይዤ ተኛሁ። ከእሳቸው በቀር በዚህ ከተማ እንዴት ዋልክ፣ እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው የለም። ደግሞ ኖር የማይሉት ሰው የለም። ሽማግሌ ይግባ፣ የጎረቤት ሕፃን ይግባ፣ እሳቸው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። እኔ እንኳ በቀን ስንቴ ባልፍ «ኖር» ይላሉ፤ «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ካላልኳቸው አይቀመጡም።

እንግዲህ ጨለማው ሲገለጥ ራሴን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። አንድ አልጋ በሽተኛ ላይ ተኝቶ፣ በሽተኛው እያለከለከ ተሸክሞት አለፈ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሐኪሞች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ካርዳቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ከውስጥ ፒጃማ የለበሰ በሽተኛ የግሉኮሱን መስቀያ እንደ ከዘራ ተመርኩዞ ወጣ።

«ቀጣይ ሐኪም!»

የእኛው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኅሩይ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣሁት።»

«ካርድዎ የለም።»

«ይኸው እጄ ላይ።»

«እርስዎ ጋ ነው ያለው። እኛ ጋ የለም። ለመሆኑ ምን ይሰማዎታል?»

«ሰው አክም አክም ይለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

በሽተኛው ከንፈሩን መጠጠ። «ቆይቶብዎታል። ውኃ በብዛት ይጠጡና በሳምንቱ ብቅ ይበሉ።»

ዶክተር ኅሩይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። አሳዘኑኝ፤ ላጽናናቸው ብዬ ጠጋ ስል ወንበሩ ገንዳ ሆነ፣ ኮሪደሩም የእኔው ማጠቢያ ክፍል ሆነ።

መቀሱም፣ መቆንጠጫውም የጎማ ሽርጥ ታጥቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰው ያጥባሉ። ባለጣቱ ከእኔ በቁመት በልጦ ከመሀላቸው ቆሟል። ጣቶቹን ቀጭ አደረገና ጠራኝ።

«ና ግባ፣ ሳትደርቅ።»

ገባሁ። ውኃው ለብ ያለ ነበር።

«ፍል ውኃ እንዳትጨምርበት፤ ደም ያረጋል» አለው መቆንጠጫውን። እኔ በየቀኑ የምናገረውን ነው ከአፌ የነጠቀኝ። ከዚያ ፈታታኝ። ግራ ክንዴን ጠመዘዘና አውጥቶ ትሪ ላይ አኖረው። አላመመኝም። በአፍንጫዬ ውኃ ሲነፋ በጆሮዬ ወጣ። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጥርት ብሎ እስኪወጣ ነው እንግዲህ።»

«ምንድን ነው የሚወጣው?» አልኩት።

«ሐሳብ። መዓት ነው። ብቻህን ነው እንዴ የምትኖረው?»

«ተከራይ ነኝ።»

«ያስታውቃል። በል ቀኝ እጅህን ክፈት።»

እጄ ተጨብጦ ነበር። ልዘረጋው ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። ባለጣቱ በብሩሹ እጀታ አንኳኳው፤ እንቢ አለ።

«የተዘጋ ነገር አይታጠብም» አለኝ። «አንተ እኔን እንደተዘጋሁ አጥበኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ። ጣቶችዎን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፤ በመሀላቸው በብሩሽ እገባለሁ፤ መገጣጠሚያዎን መብራት ሥር አያለሁ፤ አደርቅና ዘይት ጠብ አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ለራስህ ሲሆን ምን ትጨብጣለህ? ምን ይዘህ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

መቆንጠጫው አፍንጫውን ነፋ። ድምፁ የእትዬ ዘነበወርቅ ነበር። «ተወው፣ እኔ ይሄን ልጅ አልይዝም። ስንቱ ጨብጦታል! መጀመሪያ አዋላጇ፣ ቀጥሎ እናቱ፣ ከዚያ የሰፈሩ ሰው በሙሉ። ከእጅ እጅ ሲዞር የኖረ ሰው ነው።»

«ታጥቧል እኮ አልኩህ» አለ ባለጣቱ።

«ቢታጠብስ።»

ባለጣቱ ብሩሹን አስቀመጠ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከደኑ፤ እርሳስ አክሎ ቀረ። «ቢታጠብስ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔንም ትናንት ማታ እንዲሁ አሉኝ። ስንት ጉበት አቅፌያለሁ፣ አንዱን አልጫርኩም። ማገልገል እድፍ ነው እንዴ?»

መልሴን አልጠበቀም። ግንባሬ ላይ ባለመስመሯን ፕላስተር ለጠፈብኝ፤ እንፋሎት ሲያገኛት መስመሮቿ የሚጠቁሩትን። መቀቀያው ውስጥ ከተተኝና ዘጋብኝ። ስወጣ ግንባሬን አየና፣ «ጠቁሯል። ከጭብጡ በቀር ንጹሕ ነው። ከነጭብጡ ይግባ» አለ።

የት ነው የምገባው ሳልል በትንሽ ቀዳዳ ገባሁ።

ሆድ ውስጥ ነኝ ብዬ ነበር፤ የእትዬ ዘነበወርቅ ሳሎን ሆኖ ቆየኝ። ያው መጋረጃ፣ ያው መደብ። መደቡ ላይ ጉበት ተቀምጠዋል። ቀይ ዳማ የሆኑ፣ ሰፊ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፤ እትዬ ዘነበወርቅን ቁርጥ። ከሥራቸው አንዲት አረንጓዴ ከረጢት ተወሽቃ ጠጠሯን ታንኳኳለች። ጥግ ባለው ቴሌቪዥን ውስጥ ደግሞ ዶክተር ኅሩይ አሉ። እኛ በቴሌቪዥን ልንታይ ሲገባ እሳቸው ናቸው በቴሌቪዥን የሚታዩት።

«ተራ ደረሰኝ» አሉኝ፤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። «ልጄ፣ እሷን ከረጢት ላውጣላቸው፣ ሌላ ነገር አልፈልግም። እሳቸውን ብቻ ትንሽ ቀና አድርግልኝ።»

በምን ቀና ላድርጋቸው? አንዱ ክንዴ ትሪ ላይ ቀርቷል፣ አንዱ ጭብጥ ነው። ደግሞ ከእኔ በፊት መቀስና ጓደኞቹ ሽማግሌ ሆነው ተልከው ነበር። በሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ለምነናቸው እንቢ አሉ» አለኝ መቀስ። «ከተፈጠርኩ ጀምሮ የተቀመጥኩበት ነው፣ በብረት አልነሣም ብለዋል።»

እኔ አንድ እርምጃ ገባ አልኩ። ጉበት ቀና ብለው አዩኝ።

«ኖር» አሉና ተነሡ።

ማንም አልነካቸውም። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን ደገፍ አድርገው፣ ብድግ። አረንጓዴዋ ከረጢት ፍንትው ብላ ታየች። ዶክተር ኅሩይ እጃቸውን ከቴሌቪዥኑ አወጡና፣ «እሰይ! እንዲሁ ይቆዩልኝ» አሉ።

እኔ ግን ያደግሁበት ነገር ቀደመኝ። «በእግዜር፣ ይቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ። ከረጢቷ ጠፋች።

«አንተ ልጅ!» አሉ ዶክተር።

«አመለጠኝ፣ ይቅርታ።»

«ውጣና እንደገና ግባ።»

ወጣሁና ገባሁ። «ኖር» ብለው ተነሡ። ዶክተር ኅሩይ ከረጢቷን በሁለት ጣት ጫፍ ያዟት። የጉበት ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ «በእግዜር፣ ኧረ አይነሡ፣ እኔን ብለው ነው? በሞቴ!» አልኩ። በሞቴ ሲባሉ ጊዜ ጭራሽ ተደላድለው ተቀመጡ። መደቡ ሥር ጠጠሮቹ ተንከተከቱ።

ሦስተኛውን ስገባ ከንፈሬን ነክሼ ገባሁ። ተነሡ። ዝም አልኩ። ዶክተር ኅሩይ ሥራቸውን ጀመሩ። ጉበት ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል። እስካሁን ማንም እንዲህ አድርጓቸው አያውቅም። ሌላው ቢቀር ጠላት እንኳ በእግዜር ይላል።

«ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«እንደቆምኩ ልቅር?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉ ዶክተር ኅሩይ። «እንዳትናገር።»

ከሩቅ ያ ድምፅ መጣ። ቀጭ… ቀጭ…። የጉበት እግር ከዳቸው፣ ግድግዳውን ያዙ። ዐይኔን እንባ ሞላው። የዝምታ ክብደቱ ከብረት ይብሳል። አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«በእግ…»

ነቃሁ።

ነግቷል። ድምፁ ግን አልቆመም። ቀጭ… ቀጭ… ከደጅ ነው የሚመጣው። ቀኝ እጄ እንደተጨበጠ ነው፤ በግራዬ ፈልቅቄ ከፈትኩት። የግቢው በር ቁልፍ መዳፌ ውስጥ አለ፤ ጥርሱ ሥጋዬ ላይ ታትሟል።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ ዘነበወርቅ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሸጎሪያውን ያንቀጫቅጫሉ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ጭናቸው ላይ ፌስታል አለ፤ ጋቢና ሳሙና ይታየኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሌሊቱን ሕመሙ ሳይነሣባቸው አልቀረም። እኔ ቆልፌባቸው ቁልፉን ጨብጬ ተኝቻለሁ።

አዩኝ። ግድግዳውን ተደገፉና፣ «ኖር» ብለው ተነሡ።

በእግዜር፣ ይቀመጡ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነከስኩት። እሳቸው ከተቀመጡ መልሰው እንደማይነሡ እንዴት እንደታወቀኝ አላውቅም። መሬት መሬቱን እያየሁ አለፍኳቸውና ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተትኩ። ጆሮዬ ይቃጠላል። እትዬ ዘነበወርቅ ከኋላዬ ቆመው እየጠበቁ ነው። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ስዞር አሁንም ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። ዝም አልኩ።

ፌስታላቸውን አነሡ። በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ወደ ግራ ቢወርዱ የእህታቸው ቤት ነው። ወደ ቀኝ ታጠፉና የሆስፒታሉን ዳገት ያዙ። ስለ ብረቱ አልተነፈሱም፣ ስለ ትናንቱም አልተነፈሱም፣ ዞር ብለውም አላዩኝ። እኔ ቀኝ እጄን እንደዘረጋሁ በሩ ላይ ቀረሁ።