ሳይጠየቁ ከአውቶቡስ መውረድ የለም

የትም አገር ብትሄዱ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ውኃ የማያጠጣ አንድ ሰው አታጡም። ለቅሶ ቤት አለ፤ ሠርግ ቤት አለ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ከጎናችሁ የሚቀመጠው እሱ ነው። እኛ አይስላንዳውያን አራት መቶ ሺህ እንኳ ስለማንሞላ፣ እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን እንደ ልቡ ይፈነጫል፤ በሦስተኛው ጥያቄ ዘመድ ሳያደርጋችሁ አይለቃችሁም። የእኔ ዕጣ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የእኔዋ ማይክሮፎን ይዛለች።

ጉድፊና ትባላለች፤ አስጎብኚ ናት። እኔ ስኩሊ ዕድሜዬን ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ቤት መዋሉን ስላልቻልኩበት፣ አውቶቡስ እነዳላታለሁ። በአገራችን ርእሰ ብሔሩም ቢሆን በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው። እኔ ግን በልቤ «ክብርት ጉድፊና» እላታለሁ፤ ሥልጣኗን አውቃለሁና።

ገና ከሬይክያቪክ ሳንወጣ ትጀምራለች። መንገደኞቹ የመጡት ፏፏቴ፣ ጥቁር አሸዋና በረዶ የሚንሳፈፍበትን ሐይቅ ሊያዩ ነው። እሷ የመጣችው እነሱን ልታይ ነው።

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለችው አንድ ቀን፣ ከፈረንሳይ ከተማ ከሊዮን የመጣውን የጥርስ ሐኪም።

«የአባቴን ስም ነው የፈለግሽው? ሞቷል እኮ።»

«ነፍስ ይማር። ምን ይሠራ ነበር?»

ሰውየው ሳያስበው ስለ አባቱ ዳቦ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራላት። ክብርትነቷ አዳምጣ አዳምጣ ፍርዷን ሰጠች። «በቃ ዘመዳሞች ነን። የት ላይ እንደምንገናኝ ገና አላገኘሁትም እንጂ።» ከዚያ ደረቅ ዓሣ በቅቤ አዞረች። ደረቅ ዓሣዋን የሚወድላት የለም፤ እምቢ የሚላትም የለም።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ጀርባዋን ሰጠችውና ከገደሉ ሥር ያለውን የእርሻ ቤት አሳየች። «ውኃውን ተዉት፣ የትም አይሄድም። እዚያ ቤት ውስጥ የእናቴ አክስት አርባ ዓመት በትዳር ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ከባሏ ጋር ክፉ ደግ አልተባባሉም።»

«ምስጢሩ ምንድን ነው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ይህ ሁሉ ውኃ እያጓራ ማን ማንን ይሰማል?»

መንገደኛው ሲስቅ እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሰዓት የማይበት ምክንያት ነበረኝ። ቴይቱር፣ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ስለ ጊዜ ምንነት ሳስተምር ኋላ ወንበር ላይ ይተኛ ነበር። አሁን የጊዜ ጌታ ሆኗል። በዋዜማው ቢሮ ጠርቶኝ ነበር።

«ስኩሊ፣ አሥራ አንድ ቋንቋ የሚናገር የጆሮ ማዳመጫ ገዝተናል። አይዘገይም፣ አይታመምም፣ የማንንም አባት አይጠይቅም። ጉድፊና ነገ ከዘገየች በቃ፣ በእሱ ተተካች ማለት ነው።» የደረስንበትን ሰዓትና የዘገየንበትን ምክንያት የምሞላበት ቅጽም ሰጠኝ።

ማለዳ ነገርኳት። «ይስተካከላል» አለች። ይህ የአገራችን ሃይማኖት ነው፤ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም ሌላ ቃል የለንም።

እስከ ጥቁሩ የባሕር ዳርቻ ድረስ አንዲት ደቂቃ አልዘገየንም። እዚያ ግን ሁሉንም ከአሸዋው በላይ ባለው ከፍታ ላይ አሰልፋ አቆመቻቸውና፣ «አሁን ዝም ብላችሁ እዩት» አለች። ቀኑን ሙሉ አፏን ያልዘጋችው ሴት ራሷም ዝም አለች። ማዕበሉ እየመጣ፣ እንደ ታዛዥ ውሻ አሸዋውን ልሶ ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያ ሆነ።

«ኧረ ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «ሐይቁ ሊያመልጠን ነው!»

«ቆይ፣ ዘመዴ።»

ጠጋ ብዬ ሰዓቴን አሳየኋት። «ጉድፊና፣ እንጀራሽ ነው እየሄደ ያለው።» ዓይኗን ከባሕሩ አልነቀለችም። በሠላሳኛው ደቂቃ፣ ከሌሎቹ በምንም የማይለይ አንድ ማዕበል መጣና ሳይመለስ ቀረ። አሸዋውን ሁሉ አልፎ፣ የሰው ራስ የሚያህሉትን ድንጋዮች እያንከባለለ፣ ከእግራችን ሥር ደረሰ። ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አያችሁት? አሁን ውረዱ። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ፣ ጀርባችሁን ወደ እኔ።»

«መንገር ብቻ አይበቃም ነበር?» አልኳት ሰዎቹ ሲወርዱ።

«ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ማን ያነባል?» አለች። «ስኩሊ፣ ይህ ባሕር አባቴን ከነጀልባው ሲወስደው የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማን ቤት እንደሚጠበቅ የማላውቀውን ሰው እዚህ ውኃ አጠገብ አላወርድም።»

ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ኃላፊነት አለበት በሚለው ጥያቄ ላይ ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። ለካ መልሱ ሰውየውን ሳያውቁት አለመቅረት ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር በአንዱም መጽሐፌ ኅዳግ ላይ አልጻፍኩም።

ሐይቁ ጋ አርባ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። የጥርስ ሐኪሙ ሰማያዊ የበረዶ ቁራጭ ሲንሳፈፍ አየና፣ «ይኼስ የማን ልጅ ነው?» አላት። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የዚያኛው» አለች ማዶ ወዳለው የበረዶ ግግር እያመለከተች። «ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስመጣ ይህ ሁሉ ውኃ የሱ ደረት ነበር። አሁን የወለደውን ሁሉ ወደ ባሕር ይሸኛል፤ አንዱም ሲያድግለት አላየም።»

ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀ። የመመለሻችን ሰዓት ደርሶ አለፈ። ወደ አውቶቡሱ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጥሩንባ አልነፋሁም።

ስንመለስ ክብርት ጉድፊና ፊት ወንበር ላይ አንቀላፋች፤ ማይክሮፎኑን በእንቅልፏም አልለቀቀችውም። መኪናውን አቆምኩና ቅጹን አወጣሁ። «የዘገያችሁበት ምክንያት» ይላል። እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ አሰብኩ። የጆሮ ማዳመጫው ማውራት ተምሯል፤ ከግግሩ የሚወርደው ነፋስ አውቶቡስ ሲገፋ መሪ መያዝ ግን ገና አልተማረም፤ ጎብኚ በሚበዛበት በጋ ደግሞ ሹፌር ተፈልጎ አይገኝም፤ እኔን በምን ይተኩኛል? እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ሹፌሩ። አርጅቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

በማግስቱ ቴይቱር ደወለ። «ስኩሊ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?»

«ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» አልኩት።

ተነፈሰ። ከዚያ የጉዞውን ሰዓት በሁለት ሰዓት አራዘመልን።

አሁን በየጠዋቱ ክብርትነቷ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ ታደርግና እንዲህ ትላለች፦ «ሹፌራችን ስኩሊ ይባላል፤ የጫማ ሰፊው የቤርጉር ልጅ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ቀርፋፋ ነው። እባካችሁ ታገሡት።»

እኔም እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ትንሽ ቀለል አደርጋለሁ።