ክብርት እትዬ ሸዋረጋ እና የተቆለፈው ገጼ

ሐበሻ በተሰበሰበበት የአፓርታማ ግቢ ሁሉ አንዲት እትዬ ሸዋረጋ አይጠፉም። ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጠባያቸው ግን አንድ ነው፦ የደበቃችሁትን ሙያ ዓለም ካላየላችሁ ምግብ አይበላላቸውም።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ሸዋረጋ ማንም ሳይሾማቸው የምንኖርባት የዋይትሆል ከተማ የማስታወቂያ ሚኒስትር ናቸው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ያነጥፋሉ፤ የቀረው ጊዜያቸው የመንግሥት ሥራ ነው። መሣሪያቸው ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ፣ አዋጃቸውም አጭር፦ «ስልክሽን አምጪ!» የእርሳቸው በቪዲዮ ሲሞላ በእኛ ይቀጥላሉ ማለት ነው።

ሲቀርጹ አውራ ጣታቸው የምስሉን ሩብ ይሸፍናል። ድምፃቸውን ግን የሚሸፍን እስካሁን አልተፈጠረም። ጋሼ አምሳሉ ክራር እንደሚሠሩ የሰሙ ዕለት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ተከተሏቸው። ጋሼ ማድረቂያው ጀርባ ተሸሸጉና ክራሩን የያዘው እጃቸው ብቻ ታየ። እትዬ ምን ገዷቸው! «ባለቤቱ ዓይን አፋር ነው፤ ክራሩ ግን አፍ አለው!» ብለው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዘፋኝ ከሲንሲናቲ ነድቶ መጥቶ የጋሼን በር አንኳኳ።

የወሎዋ ዙልፋ ደግሞ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ፓርኪንጉ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ዞራለች። «ዙሪ፣ ዙሪ፣ ነፋሱ ያውለብልበው!» በአሥራ ሁለተኛው ዙር መኪና ጥሩምባ ነፍቶባት ዘለለች። የሠርግ ልብስ ትዕዛዝ ያመጣላት እሱ ዝላይ ነው።

እኔ ግን ከበድኳቸው። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። የተቀደደ ካርቶን ለምኜ ወደ ቤት እወስድና ለልጄ ለሳሌም ፊደል እሥልበታለሁ፤ «በ» ቀንድ አብቅሎ በግ ይሆናል፣ «ጦ» ጭራውን ጠቅልሎ ጦጣ ይሆናል። ውሃ እንኳ በእንግሊዝኛ የምትጠይቀኝ ልጅ ፊደሏን እየሳቀች ትቆጥራለች።

ለሥዕሎቼ የኢንተርኔት ገጽ ከፍቼ ነበር። ዓይን እንዳይገባባቸው ግን ቆለፍኩት፤ ከላዩም «እንዲሁ ለልጄ የምሞነጫጭረው» ብዬ ጻፍኩበት። እትዬ ሸዋረጋ ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ! ሱቅ ከፍቶ በሩን ከውስጥ የሚቀረቅር ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስልክሽን አምጪ!»

ገጹን አስከፈቱኝ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየቀረጹ፣ «ይቺ ጦጣ ዝም ብላ አይደለም የምትስቀው፤ የሰረቀችው ሙዝ አለ!» እያሉ ተረኩባቸው።

በወሩ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ካለ አንድ ትንሽ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ መልእክት መጣልኝ። የአማርኛ ፊደል መጽሐፍ የሚሥል ሰው ይፈልጋሉ፤ የእኔን ወደውታል፤ ዓርብ ይወስናሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ «ሠዓሊ» ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እናቴ እንዳሳደገችኝ ጨዋ ሆኜ መለስኩ፦ «በጣም አመሰግናለሁ። ግን ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል።»

በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ሰው «ኧረ በሞቴ!» ተብሎ ይለመናል። እኔም ተደላድዬ ልመናውን ጠበቅሁ። ሐሙስ ከሰዓት መልሱ መጣ፦ «ስለ ቅንነትሽ እናመሰግናለን። የሚሻሉትን ሰዎች ስም ትልኪልናለሽ?»

ሳሌምን እየጎተትኩ እትዬ ሸዋረጋ ጋ ሮጥኩ። የሆቴሉን ዩኒፎርም እንኳ አላወለቁም። አንብቤ ተረጎምኩላቸው።

«ታዲያ የሚሻሉሽ አሉ?» አሉኝ፣ ጫማቸውን እየፈቱ።

አሰብኩ። የምሬን አሰብኩ። «እኔ የማውቀው የለም፣ እትዬ።»

«እሱኑ ጻፊላ!»

«ኧረ ያሳፍራል!»

«የሚያሳፍረው መጀመሪያ የጻፍሽው ውሸት ነው።»

ቀሚሴን ይዛ የቆመችው ሳሌም ሰለቻት። «ማሚ፣ ጀስት ሴንድ ኢት።»

ጻፍኩ፦ «የሚሻል ፈልጌ አጣሁ። ይህን መጽሐፍ ከእኔ አስበልጦ የሚሥልላችሁ የለም።» ላክሁት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ትራስ ሥር ደበቅሁት፤ ምን ያህል ብልግና እንደ ሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዓርብ በብሬክ ሰዓት መልሱ ደረሰ። ሥራው የእኔ ነው! ስሜም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፦ ሰገነት ሰይፈሥላሴ። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና እልል አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ዕቃ የወደቀብኝ መስሎት እየሮጠ መጣ። ስልኩን አሳየሁት። ከዚያ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ።

መልእክቱ ግን ጭራ ነበረው። «ቪዲዮዎቹ ላይ የምትተርከው ሴት ማን ናት? መጽሐፉ በድምፅም ስለሚወጣ እንድታነብልን እንፈልጋለን።»

ይህን ስነግራቸው፣ የግቢውን ሙያ ሁሉ አደባባይ ያወጡት ሚኒስትር እንደ አዲስ ሙሽራ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ በአንዱ እንኳ ፊታቸው የለም። ያለው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው።

«ተይኝ፣ የኔ እናት» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል።»

«እሺ፣ ስማቸውን ይንገሩኝና ልላክላቸው።»

ጣራውን አዩ፤ ጫማቸውን አዩ።

እጄን ዘረጋሁ። «ስልክዎን ያምጡ!»