የኬክ ዳኛው

ኢድ ሲመጣ ከሶፋው ሳይነሳ ኬክ የሚያርም ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሞልተዋል። እኔ የማውቀው ግን የሁሉም አለቃ ነው። ሚስቱ ዘይነባ ከድስቱ ላይም ታችም ፍም አድርጋ ስትጋግር፣ እሱ አርባ ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ ስኳሩ በዛ"፣ "ዘንድሮ አልተነፋም" ሲል ኖረ። ቁራጭ ግን አስተርፎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከመስታወት ውስጥ የሚያየኝ እሱ ነው።

ዘይነባ ረመዳን ሳይገባ ሞተች። ልጃችን ራዲያ ከዱራሜ መጥታ፣ "አባዬ፣ ብቻህን አትችልም፤ እኔ ጋ ትሄዳለህ" አለችኝ።

"የኢዱን ኬክ ጋግሬ ካሳየሁሽስ?"

"እሺ፣ ከቻልክ እዚሁ ትኖራለህ።"

አርባ ዓመት የዳኘ ሰው ኬክ ያቅተዋል? በኢድ ዋዜማ የዘይነባን ሽርጥ ታጥቄ ጓዳ ገባሁ። ዱቄቱ ፊት ስቆም ግን ጉዴ ፈላ። የኬኩን ጥፋት ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ ምን ምን እንደሚገባበት ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እንቁላሉ ስንት ነበር? አሁን ማንን ልጠይቅ? በግምት ደባልቄ ጣድኩት። ክዳኑን ስከፍት ዳሩ ከስሏል፤ መሀሉ ገና ሊጥ ነው።

ራዲያ በማንኪያ ቆንጥራ ቀመሰች። እኔ ቆሜ ፍርዴን ጠበቅሁ። መቼም የአባቷ ልጅ ናት።

"ጥሩ ነው አባዬ" አለችና ሌላ ማንኪያ ደገመች።

ይህን ቃል እናቷ አንድም ቀን ከእኔ ሰምታው አታውቅም።

ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ይግባኝ አልጠየቅሁም፤ ሽርጡን ብቻ አብራ እንድትከትልኝ ለመንኳት።