ኤልስፔትን የሚያስቀር ዜማ

[የስኮትላንድ ገጠር፣ የአጨዳ ማብቂያ ድግስ፣ ከሰዓት በኋላ። ሾርባው ገና መቀዳቱ ነው። ለጥንት ዜማዎች አዲስ ግጥም የሚጽፈው ከተሜው አርኪባልድና የመንደሩ ቫዮሊን ተጫዋች ዱጋልድ ድግሱ ከተደገሰበት ሰፊ ጎተራ ጥግ ይጨቃጨቃሉ።]

አርኪባልድ፦ ቀስ አድርገው አልኩህ።

ዱጋልድ፦ ቀስ ካደረግኩትማ ሰዉ ይንዘላዘላል፣ ጌታው። ይሄ ቆፍጠን ሲል ነው የሚያምር።

አርኪባልድ፦ አንተ ስለ ዜማ ምን ታውቃለህ?

ዱጋልድ፦ ምንም። አሥር ዓመት ተጫወትኩት እንጂ።

አርኪባልድ፦ ባለፈው መንገድ ላይ ስታፏጨው ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ለመሆኑ ሰዉ ሲሰማው ምን ያደርጋል?

ዱጋልድ፦ ይነሳል።

አርኪባልድ፦ [እየጻፈ] በአክብሮት...

ዱጋልድ፦ ባርኔጣውን ይፈልጋል።

አርኪባልድ፦ ሊያወልቅ።

ዱጋልድ፦ ሊያደርግ ነው እንጂ። ሴቶቹ ይተቃቀፋሉ። የጠጣ ደግሞ ያለቅሳል።

አርኪባልድ፦ በቃ፣ ይሄ ነው። ዛሬ ኤልስፔት ሰምታ እሺ ካላለችኝ ነገ ብቻዬን ወደ ኤዲንብራ መመለሴ ነው።

ዱጋልድ፦ የአንጥረኛው ልጅ ኤልስፔት? ጌታው፣ ሌላ ዜማ ቢመርጡ ይሻላል። ይሄኛው እኮ...

አርኪባልድ፦ ሐሳብ አልጠየቅኩህም። ሥራህ መጫወት ነው።

ዱጋልድ፦ እንዳሉ።

[ይጫወታል። አርኪባልድ ደረቱን ነፍቶ ይዘፍናል።]

አትሂጂ ኤልስፔት፣ ቁጭ በይ ከጎኔ፣
በር በሩን ስታዪ ይጨልማል ዓይኔ።

[ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ይተያይና ብድግ ይላል።]

አርኪባልድ፦ [በሹክሹክታ] አየህ? ግጥሜ አስነሳቸው።

ዱጋልድ፦ እያየሁ ነው።

አርኪባልድ፦ እሷም ሻሏን ደርባ ወደ እኔ እየመጣች ነው።

ዱጋልድ፦ በሩ ከኋላዎ ነው።

[ኤልስፔት አልፋው ትወጣለች። ሰዉ «ገና በጊዜ? ምን አጠፋን?» እያለ ይከተላታል። ጎተራው ባዶ ይቀራል።]

አርኪባልድ፦ የት ነው የሚሄዱት?

ዱጋልድ፦ ወደየቤታቸው። ይሄ የማሰናበቻ ዜማ ነው፤ እዚህ አገር ድግስ የሚያልቀው በሱ ነው። እርስዎ ግጥም ልጽፍ እያሉ ሁልጊዜ ከመሀል ስለሚነሱ አልደረሱበትም።

አርኪባልድ፦ አንተ ደደብ፣ ለምን አልነገርከኝም?

ዱጋልድ፦ ሐሳብ አልጠየቅኩህም አሉኛ። [ቫዮሊኑን ይከታል]

አርኪባልድ፦ ቆይ፣ እሷ እኮ ደጅ ቆማለች። እኔን እየጠበቀች ነው።

ዱጋልድ፦ እኔን ነው፣ ጌታው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየድግሱ ይቺን ዜማ ስትጠብቅ ነው የምታመሸው፤ ስጨርስ አብረን እንሄዳለን። ያኔ መንገድ ላይ ሳፏጭም አብራኝ ነበረች። [ባርኔጣውን እያደረገ] ዛሬማ በጊዜ ለቀቁን፤ እግዜር ይስጥልን። ሾርባው እንዳይበርድብዎ።