የመንታ አባት እግር

[ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሽንኩርት ማሳ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር። ጋሼ ወልደማርያም የመስኖ ውሃ በተራ ያከፋፍሉ የነበሩ የቀድሞ የውሃ አባት ናቸው፤ የማያውቁት ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም። ትናንት ከባድ ጆንያ ሲያነሱ ወገባቸው ቀጭ ብሎ እንደ ማጭድ ጎብጠው ቀርተዋል። ዛሬ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት የመስኖ ተራቸው ነው። ካለፈ ለአሥራ ሁለት ቀን አይመለስም፤ ሽንኩርቱ ከወዲሁ ጫፉ መቃጠል ጀምሯል። የማሳ ጎረቤታቸው ጀይላን አካፋ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።]

ወልደማርያም፦ ለወጌሻ አላሳይም አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?

ጀይላን፦ አራቴ ነግረውኛል።

ወልደማርያም፦ ቁጠር አላልኩህም! ስማ፣ ወገብ ማለት ሳይንስ ነው። አጥንት አለ፤ በአጥንቱና በአጥንቱ መሀል እንደ ጎማ ያለ ነገር አለ። ወጌሻ ይህን የት ያውቃል? ጨብጦ መጠምዘዝ ብቻ!

ጀይላን፦ ጎማ ካለማ ተንፍሶ ይሆናል።

ወልደማርያም፦ ኤጭ! ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶኛል፣ ቅባት ሰጥቶኛል፣ ወረቀት ጽፎልኛል።

ጀይላን፦ ወረቀቱ ምን ይላል?

ወልደማርያም፦ ተኝተህ እረፍ፣ አታጎንብስ፣ ሙቅ ነገር ያዝበት።

ጀይላን፦ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?

ወልደማርያም፦ ተራዬ ነዋ! ሐኪም ስለ ሽንኩርት ምን ያውቃል?

ጀይላን፦ እንግዲያው እኔ ላጠጣልዎት።

ወልደማርያም፦ አንተ? ባለፈው ማሳህን ትተህ መንገዱን ያጠጣኸው? ባጃጅ ጭቃ ውጦት ስንት ሰው ነው የጎተተው! ውሃ ጥበብ ይጠይቃል። መጀመሪያ ከራስጌው ትከፍታለህ፣ ቀጥሎ እንዲህ አድርገህ... [ሊያሳዩ ያጎነብሳሉ።] ወይ እመብርሃን! ወይኔ ወገቤ!

ጀይላን፦ ያረቢ! ጋሼ፣ ያዝ ያድርጉኝ! መንታ የወለደች ሴት ብትረግጠው ይለቃል ይባላል፤ የእኔዋ ሐቢባ ደግሞ መንታ ወልዳለች።

ወልደማርያም፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] መንገዱ ላይ ሰው አለ?

ጀይላን፦ የለም።

ወልደማርያም፦ ሐቢባ የት ናት?

ጀይላን፦ ካራቆሬ፣ እህቷ ጋ።

ወልደማርያም፦ ታዲያ ምን አነሳሃት!

ጀይላን፦ የመንታዎቹ አባት እኮ እኔ ነኝ።

ወልደማርያም፦ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እሷ፣ የሚያድነው ያንተ እግር?

ጀይላን፦ አንድ ቢሆን የእሷ ብቻ ነበር። ሁለት ሲሆኑ አንድ አንድ ይደርሰናል።

[ጋሼ ወልደማርያም አሰቡበት። ሒሳቡ ልክ መሰላቸው፤ ወገቡን ያመመው ሰው በሒሳብ አይከራከርም።]

ወልደማርያም፦ ይሁን። ለሙከራ ነው፣ ለሳይንስ ስል። ግን ፊቴን በዚህ ፎጣ ሸፍነው።

ጀይላን፦ በዚህ ሙቀት?

ወልደማርያም፦ እሑድ ዕድር ላይ «የሚታሽና የሚረገጥ ሁሉ መሃይም ነው» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ! አላፊ አግዳሚው አይቶኝ ልዋረድ?

ጀይላን፦ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝስ እንደሆነ?

ወልደማርያም፦ የሽንኩርት ጆንያ ነው በለው።

ጀይላን፦ ጆንያ ያቃስታል?

ወልደማርያም፦ አላቃስትም!

[በሆዳቸው ተኙ። ከፎጣው ሥር ምንም አይታይም። ኮቴ ሲርቅ፣ ቆይቶም ሲመለስ ይሰማቸዋል። ከዚያ ከባድና ትኩስ ነገር ቀስ ብሎ ወገባቸው ላይ አረፈ።]

ወልደማርያም፦ እሰይ! ጫማህን አውልቀሃል?

ጀይላን፦ አውልቄያለሁ።

ወልደማርያም፦ ሙቀቱ! እግር እንዲህ ይሞቃል እንዴ?

ጀይላን፦ ፀሐዩ ነው፣ ጋሼ። ብቻ እንዳይንቀሳቀሱ።

ወልደማርያም፦ ደግሞ ስፋቱ! ጫማ ስትገዛ ሳትቸገር አትቀርም። ድምፅህ ግን ለምን ራቀ?

ጀይላን፦ [ከሩቅ] ጆሮዎን በፎጣ ሸፍነው ነዋ!

ወልደማርያም፦ እሱስ እውነት ነው። ይኼ ሽው የሚለው ምንድነው?

ጀይላን፦ ውሃ ነው።

ወልደማርያም፦ ወዴት የሚሄድ?

ጀይላን፦ ወደ ታች።

ወልደማርያም፦ ውሃ ወደ ላይ ሊሄድ ኖሯል! ወይ አንተ ሰው! ግን ልመስክርልህ፤ አቋቋም ታውቃለህ። አንዴ እንኳ አልተወዛወዝክም። ስንት ስም ያለው ወጌሻ እንዲህ አይጸናም። ጀይላን? ዝም አልክ? ልክ ነህ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አያወራም። እኔ እኮ ሞኝ ትመስለኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

[ሕመሙ በረድ ሲልላቸው እንቅልፍ ጣላቸው። አላቃስትም ያሉት ጆንያ ያንኮራፋ ጀመር። ሲባንኑ የማንጎው ጥላ ጥሏቸው ሄዷል።]

ወልደማርያም፦ ጀይላን! ስንት ሰዓት ነው?

ጀይላን፦ ሰባት ሊሆን ነው።

ወልደማርያም፦ ሰባት! ተራዬ አለፈ! ጉድ ሠራኸኝ፣ ሽንኩርቴ አለቀ! ውረድ ከላዬ! ውረድ እላለሁ!

ጀይላን፦ ከየት ልውረድ?

[ፎጣውን ገፈፉት። ጀይላን አሥር እርምጃ ያህል ወዲያ ቆሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን ከጭቃ ይታጠባል።]

ወልደማርያም፦ አንተ እዚያ ከሆንክ... እላዬ ላይ የቆመው ማነው?

ጀይላን፦ አሸዋ ነው። የወንዙን አሸዋ፣ ፀሐይ ያጋለውን፣ ጆንያ ውስጥ ጨምሬ ነው የጫንኩብዎት።

ወልደማርያም፦ ከጆንያ ጋር ነው ስጫወት የቆየሁት?

ጀይላን፦ ወላሂ ጥሩ አወሩት። እኔን እንዲያ አመስግነውኝ አያውቁም።

[ጋሼ ወልደማርያም ወደ ማሳው ዞሩ። ከራስጌ እስከ ግርጌ መደቡ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አንድም ቦይ አልተናደም።]

ወልደማርያም፦ ሁሉንም አጠጣኸው?

ጀይላን፦ አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ ብቻ ነው የቀረው።

ወልደማርያም፦ ታዲያ ምነው፣ «ተኛ፣ እኔ አጠጣልሃለሁ» ብትለኝ?

ጀይላን፦ ብዬዎት ነበር እኮ! ቆመው ሲያስተምሩኝ አይደል ወገብዎ የባሰበት?

ወልደማርያም፦ የመንታ አባት እግር ያልከኝስ?

ጀይላን፦ የሐኪምዎን ወረቀት ነው የሠራሁት። ተኙ፣ አላጎነበሱም፣ ሙቅ ነገር ተያዘልዎት። ሐኪሙ ብሏል ብዬ ብለምንዎት መቼ ሊሰሙኝ!

[ከወዲያ ማዶ ባጃጅ አለፈ። ጋሼ ወልደማርያም ፎጣቸውን አራግፈው፣ ቀስ ብለው ተመልሰው በሆዳቸው ተኙ።]

ወልደማርያም፦ ጀይላን።

ጀይላን፦ አቤት።

ወልደማርያም፦ አሸዋው ቀዝቅዟል። ቀይርልኝ።