የውሃው ጉዳይ በልዩ ልዩ ይታይ

የመዝገብ ቤት ክፍል ሠራተኞች ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን
ቦታ፦ ትልቁ ወንዝ ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ ከሰብሳቢው ድንኳን ፊት ለፊት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡20 (የተጠራው ለ8፡30 ነበር)

የተገኙ አባላት፦
1. የክፍሉ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ፣ አባል
3. ሾፌሩ፣ አባል
4. የፋይል ሠራተኛው፣ አባልና የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያለ ፈቃድ የቀሩ፦ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በቅጽል ስማቸው እማማ ቶሎ። ስብሰባው ሲከፈት ድንኳናቸውን ነቅለው ከኋላችን ወዳለው ጉብታ እየወጡ ነበር።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የሰብሳቢው አማት። ቤት አብሯቸው የሚቆይ ሰው በመጥፋቱ የመጡ ናቸው። ድምፅ የላቸውም ቢባልም ድምፃቸው በጉባኤው ሁሉ ሲሰማ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው በመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ ክፍሉ አንድም ቀን ለመዝናናት ወጥቶ እንደማያውቅ አስታወሱ። መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር በተፋጠጠችው ክፍል ውስጥ ሁላችንም አቧራ ስንውጥ መኖራችንን፣ እሳቸውም በሚመጣው ወር ጡረታ እንደሚወጡ ገልጸው፣ ከመሄዳቸው በፊት ሠራተኞቻቸው አንድ ሌሊት ንጹሕ አየር ተንፍሰው እንዲያድሩ ብለው ይህን ቦታ ራሳቸው ፈልገው እንዳገኙት ተናገሩ። "ነጻ ነው" አሉ። "ጠባቂ የለው፣ በር የለው፣ ቧንቧ የለው፣ መጸዳጃ የለው! እዚህ መቆም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ እንኳ የለውም!" አባላት አጨበጨቡ።

የሰብሳቢው አማት መጸዳጃ የለም ሲባል ምን የሚያስጨበጭብ ነገር እንዳለ ጠየቁ። ጥያቄው በአጀንዳ 2 እንዲታይ ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳ 1፦ የቦታ ርክክብና የድንኳን አቀማመጥ

የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ድንኳኖቹ በእሳቸው ፊርማ የወጡ መሆናቸውን አስታውሰው፣ ቦታውን ማን አስረክቦ ማን እንደተረከበ የሚያሳይ ሰነድ እስካልቀረበ ድረስ፣ ምንም እንኳ ድንኳኖቹ ከጠዋት ጀምሮ ተተክለው ቢታዩም፣ እንደተተከሉ እንደማይቆጥሯቸው ገለጹ። ሰብሳቢው ቦታው ባለቤት እንደሌለው አስረዱ። ኃላፊዋ "ባለቤት የሌለው ነገር አላውቅም፤ ያለ ባለቤት የቆየ ነገር ካለ ቆጠራ ላይ ያልተገኘ ነገር ነው" አሉ።

ሾፌሩ "እንግዲያው ወንዙን እናስፈርመው። ከኛ በፊት እዚህ የነበረው እሱ ነው" አሉ። ሐሳቡ ቀልድ ይሁን አቋም ግልጽ ባለመሆኑ ለድምፅ ቀረበ፤ በአንድ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተዓቅቦ ወደቀ።

አቀማመጡን በሚመለከት፣ የሰብሳቢው ድንኳን ከውሃው አምስት እርምጃ ርቆ እንዲቆም፣ ሌሎቹም በማዕረግ ቅደም ተከተል ከኋላ እንዲሰለፉ ሐሳብ ቀረበ። በዚህ ጊዜ እማማ ቶሎ ጉብታው ላይ ሆነው ችካል በድንጋይ ይመቱ ስለነበር ስብሰባው ሦስት ጊዜ ተቋርጧል። ሰብሳቢው እማማ ቶሎን ወርደው ተራቸውን እንዲይዙ ተጣሩ። እማማ ቶሎ "ጆሮዬ አይሰማም!" ሲሉ መለሱ። ሳይሰሙ መመለሳቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ሲሉ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ጠየቁ፤ ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ. ድንኳኖች በማዕረግ እንዲቆሙ፣
ለ. ጉብታው በዕቅዱ ስላልተካተተ እዚያ ማደር የተከለከለ እንዲሆን፣
ሐ. ለእማማ ቶሎ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ ካሉበት ርቀት አንጻር በጩኸት፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። ማስጠንቀቂያውን ሾፌሩ ጮኸው ሰጥተዋል። ምላሽ አልተገኘም።

አጀንዳ 2፦ መጸዳጃ

ሰብሳቢው ወንዙ ረጅም መሆኑን ጠቅሰው፣ ወንዶች ወደ ላይ፣ ሴቶች ወደ ታች እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረቡ። አማታቸው "ታዲያ የሻይ ውሃው ከየት ነው የተቀዳው?" ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ ከታች በኩል መቅዳታቸውን አመኑ። አባላት የያዙትን ኩባያ መሬት ላይ አስቀመጡ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ እስካሁን ወደ ላይ የሄደ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው ዘጉት።

ከወንዙ መቶ እርምጃ ርቆ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ሌላ ሐሳብ ቀርቦ ሙሉ ድጋፍ አገኘ። ሆኖም አካፋው የመውጫ ቅጹ በሰብሳቢው ስላልተፈረመበት ግምጃ ቤት መቅረቱ ተገለጸ። ሰብሳቢው ቅጹ እንዳልቀረበላቸው፣ ኃላፊዋ ደግሞ በሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ከሲጋራ መተርኮሻው ሥር ማስቀመጣቸውን ተናገሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጉድጓዱ በመርህ ደረጃ እንደተቆፈረ እንዲቆጠር ተወሰነ።

10፡05 ሲሆን አንድ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በወንዙ ዳር እየተጣደፉ መጡ። "እናንተ ሰዎች" ብለው ሲጀምሩ ሰብሳቢው አባል አለመሆናቸውን ነግረው አስቆሟቸው። አባል ያልሆነ ሰው ይናገር ወይስ አይናገር በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ፣ ይዘው የመጡት ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ በልዩ ልዩ እንዲታይ ተስማምተናል። እስከዚያው እንዲቀመጡ ድንጋይ ቢሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (የውሃው ጉዳይ)

ዓሣ አጥማጁ የሚከተለውን ተናገሩ፦ "ጌታዬ፣ ከላይ በኩል ሲዘንብ ነው የዋለው። ይኸው ውሃው ደፍርሷል፤ ቅጠልና ግንድ ይዞ እየመጣ ነው። ነቅላችሁ ውጡ። አሁኑኑ!"

ሰብሳቢው ቀና ብለው ሰማዩን ካዩ በኋላ፣ እዚህ አንዲት ጠብታ አለመውደቋን ለጉባኤው አስገነዘቡ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ዓሣ አጥማጁ ያመጡት መረጃ በጽሑፍ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ዓሣ አጥማጁ "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እመቤቴ። ይሄን ወንዝ ግን አርባ ዓመት ቆጥሬዋለሁ" አሉ። ሾፌሩ "ጋሼ፣ የኛ ክርክር ወንዝ የሚያሻግር አልሆነም፤ ተነሡ እንሂድ" ሲሉ፣ በተራቸው እንዲናገሩ ተነገራቸው። የሰብሳቢው አማት "ልጄ፣ ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" አሉ። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌላቸው ለሁለተኛ ጊዜ አስታወሷቸው። እሳቸውም "እሺ፣ ዝም ብያለሁ" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ተነሥተው ቆሙ። የተናገሩት ቃል በቃል ይህ ነው፦ "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ መርጬ አላውቅም። ጠረጴዛዬን እንኳ አምጥተው ያስቀመጡልኝ ሌሎች ናቸው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ። አሁን በስተርጅና አንድ ቦታ መረጥኩ። እሱንም ልቀቅ ነው የምትሉኝ?"

ዓሣ አጥማጁ ሳይቀሩ መሬት መሬት አዩ።

ከዚህ በኋላ፣ ማንንም የማያስከፋ መፍትሔ ይሆናል በሚል፣ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የግምጃ ቤት ኃላፊዋና ጸሐፊው ናቸው። ንዑስ ኮሚቴው በውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ችካል ተክሎ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ አይቶ፣ ሪፖርት እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዓሣ አጥማጁ ራሳቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር።

የንዑስ ኮሚቴው ሪፖርት፦ ችካሉ አልተገኘም።

ሪፖርቱ በሁለት መንገድ ተተረጎመ። ሾፌሩ ውሃው መጥቷል አሉ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ግን ችካሉ ጠፍቷል፣ ተጠያቂውም መጨረሻ የያዘው ሰው ነው ብለው ጸሐፊውን ተመለከቱ። በዚህ ነጥብ ላይ ውይይት እየተካሄደ ሳለ ውሃው የጸሐፊውን ጫማ ስላራሰው፣ ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ቆሞ ነው።

አንድ ትልቅ ግንድ ተንከባሎ መጥቶ የሰብሳቢውን ድንኳን መታው። ድንኳኑ ሊነሣ እንዳቃተው ዶሮ ሁለት ጊዜ ተንፈራግጦ፣ ከነፍራሹ፣ ከነመብራቱ፣ ከነሰብሳቢው አንድ እግር ጫማ ሄደ። ሰብሳቢው ዞረው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ አማታቸው ሄደ። አሮጊቷ በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል። ዝም በሉ ተብለው ስለነበር አልጮኹም፤ አፋቸውን በነጠላቸው እንደያዙ ልጃቸውን ያገባውን ሰው ትክ ብለው ያዩ ነበር።

ሰብሳቢው "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ብለው ጮኹ።

ሐሳቡ ደጋፊ ሳይጠየቅበት ጸደቀ።

ሾፌሩ አሮጊቷን በጀርባቸው አዘሉ፤ ሰብሳቢው ከኋላ ደግፈው "አይዞዎት እማዬ፣ አይዞዎት" እያሉ ተከተሉ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ "በፊርማዬ የወጣ ነው!" ብለው ወደ ሁለተኛው ድንኳን ሲመለሱ ዓሣ አጥማጁ ክንዳቸውን ለቀም አድርገው "ፊርማዎ አይዋኝም፣ እመቤቴ" አሏቸው። ኃላፊዋ ያለቀሱት ጉብታው ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህን ደብተር በጥርሱ ነክሶ ወጥቷል።

በጉብታው ላይ የቀጠለ ስብሰባ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስቱም አባላት በመገኘታቸው በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ተሟልቷል። እማማ ቶሎ አሮጊቷን ድንኳናቸው ውስጥ አስገብተው፣ እርጥብ ልብሳቸውን አውልቀው፣ በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለዋቸዋል። ለሌሎቻችን ደረቅ እንጨት ለቅመው እሳት አያይዘው ነበር።

ሰብሳቢው በአንድ እግር ጫማ ተቀምጠው፣ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 3 የተወሰነው ሁሉ፣ ማዕረጉም፣ ክልከላውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ በመርህ ደረጃ የተቆፈረው ጉድጓድም እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ አፍንጫቸውን እየጠረጉ "ውጡ" የተባለውም አብሮ ይሻር እንደሆነ ማብራሪያ ጠየቁ። አባላት ወደ ታች አዩ። ስብሰባው ከነበረበት ቦታ ላይ የፕላስቲኩ ወንበር እየዞረ ይሄድ ነበር። ያለ ውይይት "ውጡ" ውሳኔ ሳይሆን ጩኸት ስለሆነ አይሻርም ተባለ።

ሰብሳቢው እማማ ቶሎን "ካወቁ ምነው አልነገሩንም?" ብለው ጠየቁ።

እማማ ቶሎ እሳቱን እፍ እያሉ "ኧረ እንደደረስን ነግሬያችኋለሁ! ድፍርሱን ሳይ ነው የነገርኳችሁ። ይያዝ አላችሁ፣ ይሄ ልጅ ያዘው" አሉ።

ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ፈለገ። ከስብሰባው በፊት ባለው ገጽ ላይ በራሱ እጅ እንዲህ ተጽፎ አገኘ፦ "እማማ ቶሎ ውሃው ይመጣል አሉ። ይታያል።" ገጹን ለአባላት አሳይቷል።

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረው "የመጨረሻውን ጻፍ" አሉ። "ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንዳለ ጻፈው፤ እንዳታሳምረው።" ተጽፏል። ዓሣ አጥማጁ ጎናቸው ተቀምጠው "ቦታው እንኳ ጥሩ ነበር፣ ጌታዬ። ወንዙም ይወደዋል" አሏቸው። ሰብሳቢው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የሚዘጋበት ሰዓት ሲጠየቅ ሰብሳቢው ውሃ ገብቶበት የቆመውን የእጅ ሰዓታቸውን አይተው 10፡47 ነው አሉ። ፀሐይ ገብታ ነበር። የተቃወመ አባል የለም።

ውሳኔ፦ በዚህ ቃለ ጉባኤ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል።

ስብሰባው 10፡47 ላይ ተዘግቷል።