ላፕቶፕ እንደ በግ ሲመረጥ

ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ በግ አዋቂ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስብኝ አጎቴን ጋሽ ሸዋንግዛውን ይዤ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን በግ ተራ እሳቸው ጀርባውን ያልዳበሱት በግ አይገዛም።

ሱቁ ውስጥም ርካሿን ሚኒ ላፕቶፕ ዳበሱና «ይቺ ገና ግልገል ናት» አሉ። ውዱን ብድግ አድርገው «ይሄ ደግሞ ከስቷል፤ በዚህ ዋጋ?» አሉ።

ሻጩ «አባቴ፣ የተወደደው እኮ ስለቀጠነ ነው» አላቸው።

አጎቴ በሐዘኔታ አዩት። እኔስ ማንን ልመን? ግልገሏን ልግዛ እንዳልል አታድግ፤ ከሲታውን እንዳልል አጎቴ ቆመዋል!

በመጨረሻ «አንተ ራስህ በምንድን ነው የምትጽፈው?» ሲሉት ሻጩ አፈር ብሎ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶ አወረደ። ጋሽ ሸዋንግዛው ተቀብለው አገላበጡትና «ይሄን ግዛ» አሉኝ።

ይኸው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ገጽ ጀምሬያለሁ። በእስክሪብቶ።